«ጆሮ ዳባ ልበስ» የተባለው የማን ጆሮ ነው?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝ አንድ የካፌ ጠረጴዛ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሥራ የአዲስ አበባን መንገዶች መቆፈር በጀመረበት ሰሞን፣ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠን እንደ ልማዳችን ስለ አገር እንከራከር ነበር። ከእኛ አሥር ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ አንድ ወጣት በጃክ ሐመር የቆየ ኮንክሪት ይሰብራል። መደማመጥ አልቻልንም። አስተናጋጇን ጠርተን ወደ ውስጥ ገባን፤ የመስታወቱ በር ተዘጋ፤ ክርክሩም ቀጠለ። ርዕሱ ግን ሳናስበው ተቀይሮ ስለ ከተማችን የድምፅ ብክለት ሆኖ ነበር። አንዱ ሰፈሩ ውስጥ ስለተከፈተው ጭፈራ ቤት ተማረረ። ሌላው እንቅልፍ ስለሚነሳው የድምፅ ማጉያ፣ ሦስተኛው ስለ ጎረቤቱ ጄኔሬተር አወራ። እኔም በበኩሌ የሚኒባስ ታክሲ ጡሩምባን አማሁ። በመስታወቱ በኩል ወጣቱ ይታየኛል። ራሱ ላይ ቢጫ ሄልሜት፣ ደረቱ ላይ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ አድርጓል። ጆሮው ውስጥ የተወተፈው ግን ተጠቅልሎ የገባ ሶፍት ነበር።

አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ድምፅ ተናገርን። ስለ እሱ ጆሮ ግን ከአራታችን አንድም ሰው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሦስታችን ዶክተሮች ነን።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከነክነኝ። የእኛ የተማርን ከተሜዎች የድምፅ ክርክር፣ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ሁልጊዜ ስለ እንቅልፋችን ነው። እንቅልፍ ቀላል ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ሌሊት የሚረብሽ ድምፅ ለደም ግፊትና ለልብ ጠንቅ እንደሆነ በሚገባ የተጠና ነው። ይሁን እንጂ መኝታ ቤታችን ድረስ ዘልቆ የሚገባው ድምፅ ያናድደናል እንጂ አያደነቁረንም። በድምፅ የሚደነቁረው ድምፁ አጠገብ ለስምንት ሰዓት የሚቆመው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ጋዜጣ ላይ አይጽፍም፣ ወረዳ ሄዶ አይከስም፣ በረንዳውን ትቶ ወደ ውስጥ አይገባም። የሚረበሸው ወገን ድምፅ አለው። የሚደነቁረው ወገን ግን የለውም። በአገራችን የድምፅ ጉዳይ የፖለቲካ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ቁጥሮችን መታገሥ ያስፈልጋል። ዲሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር ተራ መደመር አይሠራበትም፤ በየ3 ዲሲቤሉ የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም በሚመክረው ልክ አንድ ሠራተኛ በቀን ለ8 ሰዓት ሊጋለጥ የሚገባው ቢበዛ ለ85 ዲሲቤል ነው። ድምፁ 88 ሲሆን የተፈቀደው ጊዜ ወደ 4 ሰዓት፣ 91 ሲሆን ወደ 2 ሰዓት፣ 94 ሲሆን ወደ 1 ሰዓት ይወርዳል። በ100 ዲሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። በጃክ ሐመር ሠራተኛ ጆሮ የሚደርሰው ድምፅ ከ100 ዲሲቤል የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገሩን አቅልለን 100 ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ ያ ወጣት የቀን ድርሻውን የጨረሰው እኛ የመጀመሪያውን ማኪያቶ ሳንጨርስ ነው። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ የሚሠራባት እያንዳንዷ ደቂቃ ከጆሮው ተቀናሽ ናት።

በውስጠኛው ጆሮ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት በመሰለችው ክፍል ውስጥ፣ ወደ 15 ሺህ የሚሆኑ ጥቃቅን የመስሚያ ሕዋሳት አሉ። ጫፋቸው ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር አላቸው። ሣር አድርጋችሁ አስቡት። አንድ ቀን ከብት ቢረግጠው ይተኛል፤ ሲያድር ቀና ይላል። ከሠርግ ቤት ወጥተን ጆሯችን ጭው ብሎ በማግሥቱ «የተሻለን» የሚመስለን ለዚህ ነው። በየቀኑ የሚረገጠው ግን መሬቱ ይላጣል። የሰው ልጅ የመስሚያ ሕዋስ ደግሞ እንደ ሣር ክረምት ጠብቆ አይበቅልም፤ አንዴ ከሞተ ሞተ። በማግሥቱ ተሻለን የምንለውም ቢሆን አጠራጣሪ ሆኗል። ኩጃዋና ሊበርማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የመስማት ልኬቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ በኋላም ሕዋሳቱን ከነርቭ ጋር የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች በብዛት ጠፍተው አግኝተዋል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ደግሞ ከማይጠረጠር ቦታ ነው። ድምፅ መጀመሪያ የሚበላው በ4000 ኸርትዝ አካባቢ ያለውን፣ ቀጭኑን ድምፅ የምንሰማበትን ክፍል ነው። ወፍራሙ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ይቆያል። ስለዚህ ሰውየው የበር መንኳኳት ይሰማል፣ የመኪና ሞተር ይሰማል፣ ሰው እየተናገረ መሆኑንም ይሰማል። የሚያመልጠው «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ፈ»ን ከ«ሰ» የሚለየው ቀጭን ትንፋሽ ነው። «ሰማ» እና «ሸማ» አንድ ይሆኑበታል። ብቻውን ከአንድ ሰው ጋር ሲያወራ ከንፈር እያየ ይገምታል፤ ብዙ ሰው ሲሰበሰብ ግን ይጠፋበታል። ቤተሰቡም «ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ አይሰማም» ብሎ ይፈርድበታል።

ይህን ፍርድ እኔም ፈርጄ አውቃለሁ። አጎቴ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር በጡረታ ወጡ። መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ የሚወረወርባቸው የድሮ የሽመና ማሽኖች በተደረደሩበት አዳራሽ ውስጥ ያለው ድምፅ 100 ዲሲቤል የሚጠጋ፣ አንዳንዴም የሚያልፍ መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ፣ መጻሕፍት ካነበብኩ በኋላ ነው። በልጅነቴ የማውቀው ሠራተኞቹ እርስ በርስ በእጅና በከንፈር እንደሚነጋገሩ፣ ይህም እንደ ሙያ ጥበብ ተቆጥሮ እንደሚያስቀን ነበር። አጎቴ ቤት ሲመጡ «ጮክ በል እንጂ!» ይሉኛል። ጮክ ስል ደግሞ «ምን አስጮኸህ? ደንቆሮ መሰልኩህ?» ብለው ይቆጣሉ። ግራ የገባቸው ሰው ናቸው እል ነበር። የተጎዳ ጆሮ ዝቅተኛውን ድምፅ ሳይሰማ ከፍተኛውን ከመጠን በላይ አጉልቶ እንደሚያቀርብ፣ በመሃል ያለችው መንገድ እጅግ ጠባብ እንደሆነች ያስተማረኝ አልነበረም። መጀመሪያ የእድር ስብሰባ ተዉ። ቀጥለው ቡና ጠሩኝ ብለው መሄድ ተዉ። «ኮሩ» ተባለ። በቋንቋችን «አይሰማም» ማለት አንድም ጆሮው ታመመ፣ አንድም እምቢተኛ ነው ማለት ነው፤ እሳቸው የመጀመሪያው ሆነው ሳለ በሁለተኛው ተፈርዶባቸው ኖሩ።

ለመሆኑ ይህ አዲስ እውቀት ነው? አይደለም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሐኪም ስለ ሠራተኞች በሽታዎች ሲጽፍ፣ በቬኒስ ቀኑን ሙሉ መዳብ ሲቀጠቅጡ የሚውሉ አንጥረኞች ጆሯቸው እየፈዘዘ እንደሚሄድና ሲያረጁ ጭራሹኑ እንደሚደነቁሩ መዝግቧል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ በርሜል የሚቀጠቅጡትን፣ ቆርቆሮ የሚያቃኑትን ያየ ሰው ራማዚኒ የጻፈው ስለ ቬኒስ ነው ወይስ ስለ እኛ ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። እ.ኤ.አ. በ1886 ደግሞ ቶማስ ባር የተባለ የግላስጎው ሐኪም 100 የቦይለር ሠራተኞችን ጆሮ መርምሮ አንድም ጤናማ ጆሮ ያለው አላገኘም። አንባቢ ልብ ይበል፦ 1886 ማለት አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ዘመን ማለት ነው። ከተማችንና ይህ እውቀት እኩያ ናቸው።

እውቀት ሲኖር ኃላፊነት ይከተላል። ይህን በጉልህ ያሳየ አንድ ፍርድ አለ። በሰሜን እንግሊዝ፣ ታይን ወንዝ ዳር፣ መርከብ ሲሠሩና ሲጠግኑ ጆሯቸውን ያጡ ሠራተኞች አሠሪዎቻቸውን ከሰሱ። አሠሪዎቹ ያቀረቡት መከላከያ እኛም ዘንድ የተለመደ ነው፦ ሥራው ድሮም እንዲህ ነው፣ ሁሉም ፋብሪካ እንዲህ ነው። ዳኛ ሙስቲል እ.ኤ.አ. በ1984 የሰጡት ውሳኔ ዘመኑን ለሁለት ከፈለው። የእንግሊዝ የሥራ ሚኒስቴር ስለ ድምፅና ስለ ሠራተኛው አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ያሰራጨው እ.ኤ.አ. በ1963 ነበር። ከዚያ በፊት ለደረሰው ጉዳት አሠሪዎቹ አይጠየቁም፤ ከዚያ በኋላ ለደረሰው ግን «አላወቅንም» ማለት አይችሉም ተባለ። የተከፈለው ካሳ ትንሽ ነበር። ትልቁ ነገር ግን ቀን መቆረጡ ነው። አላዋቂነት የሚያበቃበት ቀን።

የእኛ 1963 መቼ ነው? እኔ ብዙ ቀኖችን መጥቀስ እችላለሁ። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነት፣ የሥራ ደኅንነትና ጤናን የሚመለከተውን፣ ያጸደቀችው በ1983 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ለሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት ሰጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ደረጃ እንዲወጣ አዟል፤ በዚሁ መሠረት ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዲሲቤል የሚል ወሰን ተቀምጧል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም በ1985፣ በ1996፣ በመጨረሻም በቁጥር 1156/2011 ሲወጣ ከአሠሪው ላይ ግዴታ አላነሳም። አንቀጽ 92ን ያነበበ ሰው አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብ፣ አጠቃቀሙን ማስተማር፣ አደገኛ ሥራ ላይ የተሠማሩትንም እንደ ሥራው ጠባይ በራሱ ወጪ ማስመርመር እንዳለበት ያገኛል። ሠራተኛው ከሚሠራበት ሁኔታ የተነሳ ቀስ በቀስ የሚይዘው ሕመምም በሕጉ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ነው፤ ካሳ አለው። እንግዲህ ሕግ የለም ማለት አንችልም። ሕጉ ሞልቶ ተርፏል። የጠፋው የሚለካ ሰው ነው።

በነገራችን ላይ ሄልሜቱ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የዚያ ወጣት አሠሪ ስለ ደኅንነት ምንም አያውቅም እንዳንል ሄልሜትና ሰደርያ ገዝቷል። እኔ የደረስኩበት መልስ ትንሽ ክፉ ነው፤ ሄልሜት ፎቶ ላይ ይታያል። ጎብኚ ባለሥልጣንም ይደፋዋል። ፋብሪካም ሆነ የግንባታ ቦታ ሲጎበኝ ጆሮውን የሸፈነ ባለሥልጣን ግን በቴሌቪዥን አይቼ አላውቅም። ጣቱ የተቆረጠ ሠራተኛ ደም አለው፣ ጩኸት አለው፣ ፖሊስ አለው። ጆሮ ግን ሳይደማና ሳያም በአሥር ዓመት ውስጥ ይሞታል፤ ጠዋት ሲነሳ «ትናንት ነበረኝ» የሚል ሰው የለም። ሪፖርት የማይወጣለት ጉዳት ደግሞ እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

ይህን ስናገር ሁለት መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ድሃ አገር ነን፣ ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚል ነው። የማልቀበለው ለስሜት ብዬ አይደለም፤ ስሌቱ ስለሚከለክለኝ ነው። ድምፅን መቀነስ የሚጀምረው ጆሮ ላይ ከሚደረግ ነገር አይደለም፤ ከማሽኑ ነው። ቅባት ያጣ ኩሽኔታ ይጮኻል፤ ቅባት ርካሽ ነው። የላላ ክዳን ይንቀጠቀጣል፤ ብሎን ማጥበቅ ዶላር አይጠይቅም። ከማሽኑ ሥር ወፍራም ጎማ ማንጠፍ፣ ጄኔሬተሩን ከሠራተኛው ጀርባ አንስቶ ከግድግዳ ኋላ ማስቀመጥ ይቻላል። ሜዳ ላይ ከድምፁ ምንጭ ያለውን ርቀት እጥፍ ማድረግ ብቻ 6 ዲሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ይህም የተፈቀደውን የሥራ ሰዓት በአራት እጥፍ ማራዘም ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ግን ጉዳዩ የሚወሰነው ማሽኑ አገር ከመግባቱ በፊት፣ በግዥ ሰነዱ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የማሽኖች መመሪያ፣ የድምፁ መጠን ከ70 ዲሲቤል የሚያልፍ ማሽን አምራች ቁጥሩን በመመሪያ መጽሐፉ ላይ እንዲጽፍ አስገድዷል። ቁጥሩ ተጽፎ ይመጣል። የእኛ የጨረታ ሰነድ ስለ ፈረስ ጉልበት፣ ስለ ነዳጅ ፍጆታ፣ ስለ ዋስትና ዘመን ሲጠይቅ አይቻለሁ፤ ስለ ድምፅ አንድ መስመር ሲጠይቅ ያየሁበት ጊዜ የለም። ያቺን መስመር ለመጨመር የሚያስፈልገው ገንዘብ ስንት ነው?

ሁለተኛው መልስ «ብንሰጠውም አያደርገውም» የሚል ነው። ይህ መልስ ከፊል እውነት ስላለበት ይበልጥ አደገኛ ነው። አዎን፣ ሠራተኛው ያወልቀዋል። ለምን? ያሞቃል፣ ያሳክካል፣ የጓደኛውን የማስጠንቀቂያ ጩኸት ይጋርድበታል፣ ሲሰጠው እንዴት እንደሚደረግም ያሳየው የለም። ከስፖንጅ የተሠራውን መሰኪያ በጣት አሽቶ ማቅጠን፣ በሌላው እጅ የጆሮን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ማስገባት፣ እስኪያብጥ ድረስም ይዞ መቆየት ያስፈልጋል። ግማሹ ውጭ ቀርቶ የሚታይ መሰኪያ ለጌጥ ነው። ሶፍትና ጥጥ ደግሞ ለሕሊና እንጂ ለጆሮ አይሆኑም። ከዚህ ሁሉ የሚያስደነግጠው ስሌት ይኸው፦ 30 ዲሲቤል የሚቀንስ ምርጥ መከላከያ ያለው ሰው ከስምንት ሰዓት ውስጥ አራቱን ብቻ ቢያደርገውና አራቱን ቢያወልቀው፣ በቀኑ መጨረሻ ያተረፈው 3 ዲሲቤል ያህል ብቻ ነው። ማሽኑን ሳይነኩ ለሠራተኛው መሰኪያ አድሎ «ኃላፊነቴን ተወጣሁ» ማለት፣ ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት ጃንጥላ ማከራየት ነው።

ለራሳችንም ልናገር፤ ምክንያቱም እኛ ከበረንዳው ተነሥተን የገባነው ሰዎች ጆሯችንን በገዛ እጃችን እያጠፋን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በአደገኛ አደማመጥ ምክንያት የመስማት ችግር እንደሚያሰጋቸው አስታውቋል። በሳምንት 40 ሰዓት ለ80 ዲሲቤል መጋለጥን እንደ ወሰን ሲያስቀምጥ፣ በሙዚቃ ማሳያ ቦታዎችም አማካይ ድምፁ ከ100 ዲሲቤል እንዳያልፍ በ2022 እ.ኤ.አ. ደረጃ አውጥቷል። በእኛ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ከስፒከሩ ሥር የሚቀመጡት እነማን ናቸው? ሕፃናት። የታክሲውን ሙዚቃ ለመሸፈን የጆሮ ማዳመጫውን ድምፅ እስከ መጨረሻው የሚከፍት ተማሪ በየቀኑ አያለሁ። መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው አንዲት ቀላል መፈተኛ አለችው፦ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ለቆመ ሰው ለመናገር መጮህ ካስፈለገ ድምፁ ከ85 ዲሲቤል አካባቢ አልፏል። ጆሮ ጭው ሲልም «ማን እያማኝ ነው?» ብለን እንሥቃለን። ያማን ሰው የለም፤ ጆሮው ራሱ ነው አቤቱታ ያቀረበው። ልዩነቱ ግን ይኸው ነው፤ እኛ ድምፁን ዝቅ የምናደርግበት ቁልፍ በእጃችን ነው፣ የጃክ ሐመሩ ወጣት ቁልፉን ቢያጠፋው እንጀራው ይጠፋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሠራተኛው አይደለም። ለሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ነው፦ በኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ስለ ደመወዝና ስለ ፈቃድ ስትደራደሩ፣ ሠራተኛው ሲቀጠርና ከዚያም በየዓመቱ ጆሮው ይለካ የምትል አንቀጽ ታስገባላችሁ? ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው፦ ለቁጥጥር የምትልኩት ባለሙያ ከብዕርና ከቅጽ ሌላ የድምፅ መለኪያ ይዞ ይሄዳል? ለከተማ አስተዳደሩ ነው፦ የመንገድ ሥራ ውል ስትፈርሙ የአስፋልቱ ውፍረት በሴንቲ ሜትር ይለካል፤ የሠራተኛው ድምፅ ተጋላጭነት በምን ይለካል?

ሲቀጠር መለካት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት አጎቴን ወደ አንገት በላይ ሐኪም ወሰድኳቸው። ሐኪሟ በታሸገችው ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ለካቻቸው። ውጤቱ ወረቀት ላይ ሲሣል መስመሩ ከግራ ተነሥቶ ጥቂት ተጉዞ 4000 አካባቢ ሲደርስ ገደል ገባ። «አባባ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» ብላ ጮክ ብላ ጠየቀቻቸው። ነገሯት። ገባት። ጡረታ ሲወጡ የተሰጣቸውን ዶሴ ይዘን ሄደን ስለነበር ገለጠችው። በተቀጠሩበት ዓመት የተነሡት የሳንባ ራጅ ውጤት አለ። የዓይን ምርመራ አለ። የእጅ ጉዳት የታከሙበት ወረቀት አለ።

«ከዚህ በፊት የተለካ የጆሮ ውጤት የለም?» አለችኝ።

የለም።

«እንግዲያው በሥራ የመጣ ነው ብዬ መጻፍ እችላለሁ፤ ግን ሲገቡ ጆሯቸው ደኅና እንደነበር የሚያሳይ ነገር ካላመጣችሁ፣ እርጅና ነው ይሏችኋል።»

አጎቴ ፊቷን እያዩ ነበር። ወደ እኔ ዞረው «ምን አለች?» አሉኝ።